ከዲንሾ እስከ መንዝ፦ ስለ ቀይ ቀበሮ፣ ስለ እምነትና ስለ ቤተሰብ



በጡረታዬ ዋዜማ በዚህ ስፍራ ቆሜ እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ቀይ ቀበሮ መናገር የሚያስቸግረኝ አልመሰለኝም ነበር። ንግግሬን ለማዘጋጀት ስቀመጥ ግን፣ በእንስሳት ሐኪምነት ያሳለፍሁትን ዘመን ከአባቴ ቅስናና ከቤተሰቤ ነጥዬ መተረክ አልቻልሁም። ስለዚህ ሦስቱንም በአንድነት አነሣለሁ።

ቀይ ቀበሮ ከአገራችን ደጋ በቀር በየትም የማይገኝ አውሬ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። አይጥና ፍልፈል የሚያድኑት ለየብቻቸው ነው፤ ሲነጋና ሲመሽ ግን መንጋው ተሰብስቦ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ ክልሉንም አብሮ ይዞራል። በአብዛኛው የምትወልደው የመንጋው ዋና ሴት ብቻ ስትሆን፣ ቡችሎቹን የሚመግቡት ግን ሁሉም ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ በመካከላቸው ሲገባ ይኸው መቀራረባቸው ለጥፋት ይዳርጋቸዋል። በሽታውን የሚያደርስባቸው ደግሞ እረኛን ተከትሎ ወደ ተራራ የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ ነው።

በ1996 ዓ.ም. በሽታው በባሌ በወይብ ሸለቆ ገብቶ፣ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ወረርሽኙ ወደ አጎራባቾቹ መንጋዎች እንዳይዛመት ቀበሮዎችን እየያዙ መከተብ ተጀመረ። በዚያ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ ነበርሁ። ሌሊት በብርድ ወጥመድ እንጠብቃለን፤ ቀን በየመንደሩ እየዞርን ውሾች እንከትባለን። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ጠቃሚ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም ነበር።

በዚያው ወራት ዲንሾ ሳለሁ አንድ ሹፌር ደብዳቤ አመጣልኝ። በመንዝ የምትኖረው እኅቴ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ቀብራለች። የነከሰው የአባቴ የደጅ ውሻ ነበር። አባቴ ልጁን ሰባት ቀን ጠበል አስጠምቆታል፤ ቁስሉም ስለ ደረቀ ሁሉም ዳነ ብለው አመስግነዋል። ከሁለት ወር በኋላ ግን ልጁ ውኃ መጠጣት አቃተው። የዚህ በሽታ ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ሕክምናው የሚያተርፈው ሰው የለም ለማለት ይቻላል።

ለአርባው መንዝ ደረስሁ። እንግዳው ሲበተን አባቴን፣ «አባ፣ ለምን ሐኪም ቤት አልወሰዱትም?» አልሁት። በቁጣ ነበር የጠየቅሁት። እሱ ግን ድምፁን ሳያነሣ፣ «ልጄ፣ የውሻውን ነገር የምታውቀው አንተ ነህ። መቼ ነገርኸን?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። የማላውቃቸውን ሰዎች ውሾች ስከትብ፣ የአባቴን ውሻ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ለበዓል ወደ ቤት ስሄድ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ፣ «አይገባችሁም» እያልሁ አልፍ ነበር። በልጅነቴ በዲያቆንነት ያገለገልሁ ሰው፣ ከተማርሁ በኋላ ጠበልን በልቤ እንቅ ነበርና አባቴን መውቀሱ ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በደኅና አልተነጋገርንም።

የኋላ ኋላ ለውሾች ክትባት ወደ መንዝ ተላክሁ። የጓሳ ሣር ምድር የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ ለዘመናትም በማኅበረሰቡ ሕግ ተጠብቆ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈትም ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነባሩ ሥርዓት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በኋላ በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ጓሳን እንዲህ የጠበቀ ሕዝብ ግን ውሻውን ለእኔ ሊያመጣ አልፈቀደም። የተከተበ ውሻ ይፈዛል፣ በግ አይጠብቅም የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሳጥኔን እንደ ያዝሁ ተመለስሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ሳልለምነው በሕዝቡ ፊት ቆመ። «የልጅ ልጄን በጠበል አጥቤዋለሁ፤ አልጸጸትበትም። ክትባት መፈለግ እንደሚገባኝ ግን አላውቅም ነበር። እናንተ ከዛሬ ጀምሮ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ምክንያት የላችሁም» አለ። በማግስቱ ማለዳ ሰዉ ውሾቹን በጓሳ ገመድ እየጎተተ መጣ። ክትባቱ ከቀትር በፊት አለቀ።

ውድ ተማሪዎች፤ ቁስልን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ የመጀመሪያው እርዳታ መሆኑን፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ክትባት መውሰድ እንደሚገባ በክፍል ተምራችኋል። ለአባቴ ይህን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይበቃኝ ነበር። ጠበሉን ተው ማለት አላስፈለገኝም ነበር፤ እሱም ምርጫ አድርጎ አላየውም። እኔ ግን እውቀቴን ለሪፖርት አስቀምጬ፣ ለቤተሰቤ ዝምታዬን ብቻ ይዤ ሄድሁ።

ባለቤቴ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጣለች። የቀበሮ ቡችሎች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እንደሚወለዱ ለብዙዎች አስተምሬያለሁ፤ ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ ግን ተራራ ላይ ነበርሁ። ልጆቻችንን ያሳደገችው እሷ ናት። ስለዚህ ሥራ ምስጋና የሚቀርብ ከሆነ ለእሷም የሚገባ ነው።

አባቴ ዐርፏል። እኔም ዛሬ አስቀድሳለሁ፤ ስሙን ሲጠሩት ጥያቄው ይመለስብኛል። አብዛኞቻችሁ ከገጠር መጥታችኋል። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትደውሉ፣ እባካችሁ ውሻው መከተቡን ጠይቁ።