የምርኮኛው ንጉሥ ልጅ፦ ስለ «አይዳ» የሮማ ቅጂ



ዛሬ የምናገረው ከተቀረጸ ከስድሳ ዓመት በላይ ስለሆነው አንድ ሸክላ ነው። ሥራው የጣሊያናዊው የጁሴፔ ቬርዲ ኦፔራ «አይዳ» ነው፤ ቅጂው ደግሞ በ1961 ሮማ ውስጥ፣ በከተማዋ ኦፔራ ቤት ኦርኬስትራና መዘምራን፣ በጌኦርግ ሾልቲ መሪነት የተሠራው፣ ሊዮንታይን ፕራይስ አይዳን ሆና የዘፈነችበት ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ሁለቱን እያፈራረቅሁ ላደናግራችሁ አልፈልግም። አይዳ የሚለው ስም ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በየሰፈሩ አይዳ የምትባል ልጅ አትጠፋም፤ ስሙን ካወጡት ወላጆች መካከል ግን ኦፔራውን ከዳር እስከ ዳር የሰሙት ብዙ አይመስሉኝም።

ስለ ኦፔራ ለመስማት እዚህ ቦንጋ ላይ መሰብሰብ ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ይህን ሥራ በመስማት ረገድ የቦንጋ ሰው ከሚላኖና ከቪየና ሰው የሚበልጥበት ነገር አለ ባይ ነኝ። ምክንያቱን እመጣበታለሁ፤ አስቀድሜ የሥራውን ትውልድ ላውጋችሁ።

ነገሩ የተጠነሰሰው ካይሮ ነው። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል አገሩን ከአውሮፓ ተርታ ለማሰለፍ የቆረጠ ሰው ነበር። የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በ1869 ካይሮ ላይ ኦፔራ ቤት አስገነባ። ቤቱ በሌላ የቬርዲ ሥራ ቢመረቅም ለእስማኤል አልበቃውም፤ ለራሱ ተብሎ የተደረሰ፣ የጥንቷን ግብፅ ገናናነት የሚያሳይ ኦፔራ ፈለገ። ቬርዲን ለማግባባት 150,000 ፍራንክ ከፈለ። ታሪኩን የነደፈው ፈረንሳዊው የግብፅ ቅርስ አጥኚ ኦጉስት ማሪዬት ነበር፤ የጣሊያንኛውን ግጥም አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ጻፈው። አልባሳቱ ፓሪስ ውስጥ ሲሰፉ የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ከበበና ማሪዬትም ልብሱም እዚያው ተዘግቶባቸው ከረሙ። በዚህ የተነሳ ኦፔራው መድረክ ያየው ዘግይቶ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው። ደራሲው ካይሮ ድረስ ለመሄድ አልፈለገም።

በታሪኩ ውስጥ ግብፅና ኢትዮጵያ ይዋጋሉ፤ ኢትዮጵያ ትሸነፋለች። የኢትዮጵያው ንጉሥ አሞናስሮ ልጅ አይዳ ማንነቷ ሳይታወቅ በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆና ትኖራለች፤ ልቧን የሰጠችው ደግሞ አባቷን ሊወጋ ለሚዘምተው ለግብፁ የጦር አዛዥ ለራዳሜስ ነው። በሁለተኛው ገቢር ራዳሜስ ድል አድርጎ ሲመለስ ታላቅ ሰልፍ ይደረጋል። ስድስት ረጃጅም መለከቶች በሦስት በሦስት ተከፍለው ይነፋሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዜማውን ከጨረሱ በኋላ ሌሎቹ ሦስቱ ሳይታሰብ ከፍ ባለ ቅኝት ይቀበሏቸዋል። ዓለም ከዚህ ኦፔራ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ሰልፍ ነው። ከመለከቶቹ በስተጀርባ በሰንሰለት የሚነዱት ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ከካይሮው ምሽት አራት ዓመት ሳይሞላ ያው እስማኤል እውነተኛ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ላከ። በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ደግሞ ጉራ ላይ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ያን ጦር ደመሰሰው፤ የመጀመሪያው ዘመቻ አዛዥ የነበረው ዴንማርካዊው ኮሎኔል አረንድሩፕ እዚያው ወደቀ። በጉራው ጦር ውስጥ ደግሞ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖች ነበሩበት። በመድረኩ ላይ የተነዱት ምርኮኞች ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በሜዳው ላይ የተማረኩት ግን ግብፃውያን ሆኑ። እስማኤልም በ1879 ከነዕዳው ከሥልጣን ተባረረ። ቬርዲ ደግሞ የራሱ አገር ጦር ዓድዋ ላይ ሲሸነፍ ለማየት በሕይወት ነበረ።

እንግዲህ ይህ ኦፔራ የተደረሰው ስለ ኢትዮጵያ በማያውቁ ሰዎች ነው፤ የተከፈለበትም ኢትዮጵያን ሊወርር በሚያስብ ሰው ገንዘብ ነው። በሙዚቃው ውስጥ «የኢትዮጵያ» ተብሎ የሚሰማን ዜማ ፈልጋችሁ ከእኛ አንዳች ነገር አታገኙም። ግጥሙ ውስጥ የጦሩ መንገድ የሚያልፍበት የናፓታ ሸለቆም ዛሬ ሱዳን በሚባለው፣ በኩሽ ምድር፣ በረሃ ላይ ያለ ነው። የግሪክ ጸሐፍት ኢትዮጵያ ሲሉ የሚያስቡት እሱን ነበር። ታዲያ ለምን እንሰማዋለን?

ለዚህ ያለኝ መልስ ከሸክላው ጋር የተያያዘ ነው። መድረክ ኢትዮጵያን አሳያለሁ ባለ ቁጥር ያበላሻታል። «አይዳ» በቬሮናው ጥንታዊ አምፊቲያትር ከ1913 ጀምሮ በግዙፍ ትርኢት ሲታይ ኖሯል፤ ሐውልቱ፣ ፈረሱ፣ ችቦው፣ የወታደሩ ብዛት ዓይንን ሞልቶ ለጆሮ ቦታ አይተውም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ነጭ ዘፋኞች አይዳንና አባቷን ለመምሰል ፊታቸውን ጥቁር ቀለም የሚቀቡት ነገር ነው። ይህ የጥንት ወሬ አይደለም። በ2022 እዚያው ቬሮና ይኸው ስለተደረገ ጥቁር አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ኤንጀል ብሉ በመድረኩ ልትዘፍነው የነበረውን ሌላ ኦፔራ ትታ ቀርታለች። ሸክላ ግን ምንም አያሳይም። ፒራሚዱም ቀለሙም የለም፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። የተፈጠረችው ኢትዮጵያ ከዓይን ስትሰወር በአባቷና በምትወደው ሰው መካከል የተያዘች አንዲት ሴት ትቀራለች። የዚህ ሥራ እውነት ያለው እሷ ዘንድ ነው። በእኔ እምነት «አይዳ» ከመድረክ ይልቅ በቅጂ የሚኖር ኦፔራ ነው።

ከቅጂዎቹ ደግሞ ይህኛው ለምን? ምርጫ ጠፍቶ አይደለም። በ1946 ጂሊና ካኒሊያ የዘፈኑት አለ። በ1955 ማሪያ ካላስና ቲቶ ጎቢ ከቱሊዮ ሴራፊን ጋር ሠርተዋል። በ1959 ካራያን ቪየና ላይ ሬናታ ቴባልዲን ይዞ የቀዳው በድምፅ ውበት የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም። ቴባልዲን የሚወዱ ሰዎች ዛሬ በእኔ ላይ ቢነሱ አልፈርድባቸውም።

ሊዮንታይን ፕራይስ በ1927 ሎረል በተባለች የሚሲሲፒ ከተማ ተወለደች። አባቷ በእንጨት መሰንጠቂያ ይሠራ ነበር፤ እናቷ አዋላጅ ስትሆን በቤተ ክርስቲያን መዘምራንም ነበረች። ጥቁርና ነጭ በአንድ በር በማይገባበት ክፍለ ሀገር ያደገች ልጅ በ1960 ሚላኖ ላ ስካላ መድረክ ላይ አይዳን ዘፈነች። በጃንዋሪ 1961 ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀርብ ጭብጨባው አርባ ደቂቃ አልፏል ይባላል። ሮማ ሄዳ ይህን ሸክላ የቀዳችው በዚያው ዓመት ነው። ስለ አይዳ ስትናገር ቆዳዬ ራሱ አልባሴ ነበር ትላለች። በ1985 ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችውም በአይዳ ነው።

ድምፅዋ ላይ ላዩ እንደ ብረት ያበራል፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን ይሻክራል፣ ትንሽ ጭስ ይገባበታል። አንዳንድ ሐያሲ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮባታል። እኔ የማደላው በትክክል ለዚያ ሻካራ ክፍል ነው፤ ሐዘን ሲመጣ ሙሾ አውራጅ ድምፅዋን ከደረቷ ስታመጣው የሚሰማው ነገር አለበት።

ሦስተኛው ገቢር ላይ እንቆይ። ሌሊት ነው፤ ቦታው የዓባይ ዳር ነው። ቫዮሊኖቹ በጣም ዝቅ ብለው አንዲቷን ድምፅ ብቻ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች፣ ይደጋግማሉ። ከእነሱ በላይ አንድ ዋሽንት ብቻውን ይንሳፈፋል። ቬርዲ ውሃ ላይ ያረፈ የጨረቃ ብርሃንን በአንድ ድምፅ ነው የሠራው። አይዳ ራዳሜስን ልትጠብቅ ትመጣና ዳግመኛ ስለማታየው አገሯ ትዘፍናለች። «ኦ ፓትሪያ ሚያ» የሚባለው ይህ ዝማሬ፣ ቬርዲ ድርሰቱን ከጨረሰ በኋላ የጨመረው ነው። መጨረሻው አካባቢ ድምፅዋ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ለሶፕራኖ አስፈሪ የሆነውን ከፍተኛውን «ዶ» ይነካል። ደራሲው እዚያ ላይ «በጣፋጩ» ብሎ ጽፎበታል፤ ብዙዎች ግን እንዳያመልጣቸው ፈርተው ይጮኹታል። ፕራይስ አትጮኸውም፤ ትወጣበታለች፣ ትይዘዋለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ኦቦው ከጎኗ አይለይም።

የሚገርመኝ ግጥሙ ነው። ጊስላንዞኒ የአይዳን አገር ሲስል አረንጓዴ ኮረብታ፣ ቀዝቃዛ ሸለቆና መዓዛው የሚያውድ ደን አድርጎ ነው። ናፓታን ከሆነ ፈጽሞ ስቷል። አንድም ጊዜ ያላየውን፣ ስሙንም ያልሰማውን፣ እዚህ በዙሪያችን ያለውን የካፋን ደን ግን ሳያውቅ ገልጾታል።

ከዚያ አባቷ ከጨለማ ይወጣል። አሞናስሮ የተማረከ ንጉሥ ነው፤ ማራኪዎቹ ማን እንደሆነ አያውቁም። ልጁን የግብፅ ጦር በየት በኩል እንደሚያልፍ ከራዳሜስ እንድታወጣለት ይጠይቃታል። እምቢ ስትለው ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ብሎ ይጥላታል። እሷም ትሸነፋለች።

እዚህ ላይ ነው የቦንጋ ሰው ጆሮ የሚለየው። ካፋ የምርኮኛ ንጉሥን ታሪክ ከቲያትር አልተማረውም። በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ወደዚህ በመጣ ጊዜ የካፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሼሮቾ ለወራት በደኑ ውስጥ እያመለጡ ተዋጉ፤ በሴፕቴምበር ተያዙ። በብር ሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ። ጎጀብን ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን ወደ ወንዙ ወርውረው የካፋ ነገሥታት ነገር በዚህ አበቃ አሉ ይባላል። በ1919 አዲስ አበባ ላይ እስከሚያርፉ ድረስ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ማራኪው ጦርም ተማራኪውም ዛሬ በአንድ አገር ስም መጠራታቸው ጉዳዩን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። በኦፔራው ኢትዮጵያ ሁልጊዜ በሰንሰለቱ በኩል ናት፤ ከካፋ ሲታይ ግን ሰንሰለቱን የያዘውም እጅ የኢትዮጵያ ነበር። «አይዳ»ን አዲስ አበባ ላይ የሚሰማ ሰው ይህን ላያስብ ይችላል። እዚህ ሳያስቡት መስማት የሚቻል አይመስለኝም።

ስለ ሸክላው አሠራር ባጭሩ። ከዚያ ቀደም በነበረው ዘመን ኦፔራ ሲቀዳ በየአራት ደቂቃው ገጽ መቀየር ግድ ነበር። ይህ ቅጂ ግን በስቴሪዮ በሦስት ትላልቅ ሸክላዎች ወጣ፤ ድምፅ ሩቅና ቅርብ፣ ግራና ቀኝ ሆነ። ጥቅሙ ጎልቶ የሚሰማው በአራተኛው ገቢር ፍርድ ቤት ነው። ካህናቱ ከምድር በታች ባለ አዳራሽ፣ የጦሩን መንገድ በማውጣቱ በክህደት የተከሰሰውን ራዳሜስን ሦስት ጊዜ በስሙ ይጠሩታል፣ ክሱን ያነብቡለታል፣ መልስ ይጠይቁታል። እሱ ዝም ይላል። ጥሪው በየጊዜው ከፍ ይላል፤ ዝምታው ግን አይለወጥም። ከአዳራሹ ውጭ የቆመችው፣ ራዳሜስን የምትወደው የፈርዖን ልጅ አምኔሪስ፣ ቤልጂጋዊቷ ሪታ ጎር፣ ይህን ሁሉ ከእኛ ጋር እየሰማች ትቃጠላለች። ቅጂው በ1963 የግራሚ ሽልማት ሲያገኝ፣ ሾልቲ በዕድሜው ካገኛቸው 31 ግራሚዎች የመጀመሪያው ሆነ።

ጉድለት የለበትም አልልም። ሾልቲ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገቢሮች ችኩል ነው፤ ናሱ አንዳንዴ ዘፋኙን ይውጠዋል። ጆን ቪከርስ በራዳሜስ ቦታ ኃይለኛ ነው፤ ሆኖም ራዳሜስ ገና ሲጀምር ከሚዘፍነው ዝማሬ መጨረሻ ላይ ቬርዲ እየሞተ እንዲጠፋ የጻፈውን ድምፅ ከወደዳችሁ የ1966ቱን የፍራንኮ ኮሬሊን ቅጂ ፈልጉ። ትልቁ ቅሬታዬ አሞናስሮ ላይ ነው። ሮበርት ሜሪል ድምፁ ያማረ ባሪቶን ነው፤ ያማረ ብቻ ግን ነው። አባት ልጁን ሲክዳት ድምፁ መጎዳት አለበት። በ1955 ቲቶ ጎቢ ከካላስ ጋር ያንን ትዕይንት ሲዘፍን ለዜማው መልክ አይጨነቅም፤ ቃሉን እንደ ድንጋይ ይወረውረዋል። ፕራይስን ከጎቢ ጋር ያገናኘ ቅጂ ቢኖር ዛሬ ሌላ ዲስኩር አያስፈልገኝም ነበር።

ፕራይስ ራሷ በ1970 ለንደን ላይ ሥራውን ደግማ ቀድታዋለች። ድምፅዋ በዚያኛው ይበልጥ ጠቁሯል፣ ትንፋሿም አጥሯል። ቃሉን የምትናገርበት መንገድ ግን የበሰለ ነው፤ ሁለቱንም መስማት የሚችል አንዱን ለመምረጥ አይቸኩል።

አሁን ሦስተኛውን ገቢር ብቻ እናሰማችኋለን፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። አጀማመሩ እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማሽኑ ተበላሸ ብላችሁ እንዳታስቡ። ከዚያ የአባትና የልጅን ትዕይንት ከ1955ቱ ቅጂ ደግመን እናሰማለን፤ በጎቢና በሜሪል ላይ ያላችሁን ክርክር የምንቀበለው ከዚያ በኋላ ነው።