ከሠንጠረዥ ወደ ጄሰን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ፣ የመረጃ ቋት ለጥያቄ የሚሰጠው መልስ በዌብ ኤፒአይ በኩል ወደ ጄሰን ሲለወጥ ትርጉሙ ሳይጓደል እንዴት ሊደርስ እንደሚችል ነው። መልእክተኛ የተላከበትን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያደርሳል፤ የፕሮግራም ጸሐፊም ግዴታ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ቅርጹን እንመልከት። ሠንጠረዥ ረድፍና ዓምድ ብቻ ነው፤ ጄሰን ግን ዝርዝርን በዝርዝር ውስጥ ይይዛል። አንድ ተማሪ አምስት ትምህርት ቢወስድ፣ ሁለት ሠንጠረዦችን የሚያጣምር ጥያቄ ስሙን አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያመጣል። ስለዚህ ተማሪውን አንድ ጊዜ ጽፎ ትምህርቶቹን በሥሩ መደርደር ይሻላል። ፖስትግሬስኪውኤል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለዚህ ሥራ «ጄሰን አግ» የተባለ ተግባር አለው፤ ሆኖም አንድም ረድፍ ካልተገኘ የሚመልሰው ነል ስለ ሆነ በባዶ ዝርዝር መተካት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ራሱ ነል ነው። ነል ማለት «አይታወቅም» ማለት ነው እንጂ ዜሮ ማለት አይደለም። ገና ያልታረመ ፈተና ዜሮ ተብሎ ቢላክ ተማሪው ሳይወድቅ ወደቀ ማለት ነው። የኤስኪውኤል ሰርቨር «ፎር ጄሰን» ደግሞ ካልታዘዘ በቀር ነል የሆነውን ዓምድ ጨርሶ ይተወዋል፤ ተቀባዩም ዓምዱ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር ከ9,007,199,254,740,991 በላይ ያለውን ሙሉ ቁጥር ሁሉ በትክክል ሊይዝ አይችልም። በዜሮ የሚጀምር ስልክም በቁጥር መልክ ቢላክ ዜሮውን ያጣል። እንግዲህ የማይደመርና የማይባዛ መለያ ሁሉ በጽሑፍ መልክ ይላክ።

አራተኛው ቀን ነው። ጄሰን ለቀን የተለየ ዓይነት የለውም፤ 03/04 ተብሎ የተጻፈውን አንዱ ማርች፣ ሌላው ኤፕሪል ብሎ ያነበዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይጨመርበታል። ስለዚህ በአይኤስኦ 8601 ደንብ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ በቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለወጠውም ለአንባቢው በሚታይበት ጊዜ ይሁን።

በመጨረሻም፣ ዓምዱን ሁሉ በኮከብ ምልክት ጠርቶ እንዳለ መላክ አደገኛ ልማድ ነው። ነገ በሠንጠረዡ ላይ የይለፍ ቃል ወይም የሕክምና መረጃ የያዘ ዓምድ ቢጨመር፣ ማንም ሳይጠይቀው በአደባባይ ይወጣል። የሚላከውን ዓምድ በስሙ እንጥራ፤ የሰው ምስጢር በእጃችን ነውና።