የነዋሪ ዋጋና የእንግዳ ዋጋ፦ ስለ መዝናኛ ፓርኮች ዓመታዊ ፓስ አከፋፈል

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ፈገግ ያላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ስለ ግብርና፣ ስለ ዋጋ ንረትና ስለ ውጭ ምንዛሪ ሲናገር የኖረ መምህር ስለ አሜሪካ የልጆች መጫወቻ ሊያወራ ነው መባሉ ያስቃል። ሆኖም ይህን ርእስ የመረጥሁት ለቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ በሙያዬ ተጠይቄ፣ በሙያዬ መልሼ፣ በመልሴም የገዛ እህቴን ያስከፈልሁበት ጉዳይ ነውና።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ በቨርጂኒያ ትኖራለች፤ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ በሕሙማን ማስታመሚያ የሌሊት ተረኛ ሆና የምትሠራ ሴት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቿን ፍሎሪዳ ውስጥ ወዳለ አንድ የመዝናኛ ፓርክ ለመውሰድ አሰበች። በየጉዞው የቀን ትኬት ከመግዛት ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የሚያስገባ ፓስ ቢገዙ ይሻል እንደሆነ ልትጠይቀኝ ደወለች። «ጋሼ፣ አንተ የኢኮኖሚክስ ሰው ነህ፤ አስላልኝ» አለችኝ። ጨምራም አንድ ያልገባትን ነገር ነገረችኝ። ኦርላንዶ የሚኖረው የአጎታችን ልጅ ያንኑ ፓስ በየወሩ በትንሽ በትንሹ እየከፈለ ያለ ወለድ ይዞታል፤ እርሷ ግን የሌላ ስቴት ነዋሪ ስለሆነች ሙሉውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ እንድትከፍል ተጠየቀች። «ገንዘቡ ያው ገንዘብ፣ ካርዱ ያው ካርድ፤ ለምን?» አለች። ለዚህች «ለምን» የዚያን ዕለት የረባ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ለመመለስ እሞክራለሁ።

ከመነሻው እንጀምር። ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይም ከተማ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1955 ሲከፈት ጎብኚው ለበሩ ለብቻ፣ ለእያንዳንዱ መጫወቻም ለብቻ ይከፍል ነበር። ብዙም ሳይቆይ መጫወቻዎቹ በፊደል ተመድበው የትኬት ደብተር መሸጥ ተጀመረ፤ ይህም አሠራር እስከ 1982 ድረስ ዘለቀ። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ውስጥ ያሉትን መጫወቻዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ መጠቀም ቻለ።

ይህ የአከፋፈል ጥያቄ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንትንም ስቧል። ዋልተር ኦይ የተባሉ ኢኮኖሚስት በ1971 ስለ ዲዝኒላንድ አጣብቂኝ አንድ ዝነኛ ጽሑፍ አሳተሙ። ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል፤ የፓርኩ ባለቤት የበሩን ዋጋ ከፍ አድርጎ መጫወቻውን ያርክስ ወይስ በሩን አርክሶ መጫወቻውን ያስወድድ? ደንበኞቹ ሁሉ ተመሳሳይ ፍላጎት ካላቸው፣ መጫወቻው በማንቀሳቀሻ ወጪው ልክ ተሸጦ ትርፉ በበሩ ላይ ቢሰበሰብ ለባለቤቱ ይበልጥ እንደሚያዋጣ አሳዩ። ያ ጽሑፍ በወጣበት ዓመት፣ በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በፍሎሪዳ ተከፈተ። ዓመታዊ ፓስ የዚህ ሐሳብ የመጨረሻው ደረጃ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ትከፍላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የእያንዳንዷ ተጨማሪ ቀን የመግቢያ ዋጋ ዜሮ ይሆናል።

ነገር ግን ደንበኞች ተመሳሳይ አይደሉም። ከፓርኩ ግማሽ ሰዓት ርቆ የሚኖር ሰው አለ፤ ከአሥር ሰዓት በላይ መኪና ነድቶ ወይም አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣም አለ። በ1920 የታተመው የአርተር ፒጉ መጽሐፍ ሻጭ ደንበኞቹን በሚታይ ምልክት ከፍሎ ለየቡድኑ የተለየ ዋጋ የሚያወጣበትን አሠራር ሦስተኛው ዓይነት የዋጋ ልዩነት ይለዋል። የመኖሪያ አድራሻ እንዲህ ያለ ምልክት ነው፤ ለማጣራት ቀላል፣ ለመቀየር ከባድ።

ምሳሌውን ከሕዝብ ከታወቀ ዋጋ ልውሰድ። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በመስከረም 2021 አራት ደረጃ ያላቸው ዓመታዊ ፓሶች መሸጥ ጀመረ፤ ዋጋቸውም ከታክስ በፊት 399፣ 699፣ 899 እና 1,299 ዶላር ነበር። ሁለቱ ርካሾች ለፍሎሪዳ ነዋሪዎች ብቻ የተፈቀዱ ነበሩ። ሦስተኛው ለነዋሪዎችና በኩባንያው የዕረፍት ቤቶች ላይ ድርሻ ለገዙ አባላት ነበር። ከሌላ ስቴት የመጣ ማንኛውም ሰው ሊገዛው የሚችለው ውዱን ብቻ ነበር። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። የቅርብ ነዋሪ ፓርኩን ከባሕር ዳርቻው፣ ከሲኒማው፣ ከቤቱ ጓሮ ጋር ያወዳድራል፤ ዋጋው ትንሽ ሲንር ይቀራል። እንግዳው ግን የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪውን አውጥቶ ከደጃፉ ደርሷል፤ በትኬት ዋጋ ምክንያት ተመልሶ አይሄድም። እኛ ኢላስቲሲቲ የምንለው፣ ፍላጎት ለዋጋ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ፣ በእንግዳው ዘንድ ደካማ ነው።

እስከዚህ ድረስ የመማሪያ መጽሐፍ ነገር ነው። የእህቴ ጥያቄ ግን ከዚህ ያልፋል። ውዱ ፓስ ለነዋሪውም ለእንግዳውም የተለጠፈበት ዋጋ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በአከፋፈሉ ላይ ነው። የፍሎሪዳ ነዋሪ በዚያው በ2021 205 ዶላር ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በአሥራ ሁለት ወር ያለ ወለድ መክፈል ይችል ነበር፤ እንግዳው ግን ሙሉውን በአንድ ጊዜ። እናስላው። ታክሱን ትተን ከ1,299 ላይ 205 ብንቀንስ 1,094 ይቀራል፤ ለነዋሪው በወር 91 ዶላር ገደማ ማለት ነው። እንግዳዋ ያንን 1,094 ዶላር በዓመት 20 ከመቶ ወለድ በሚያስከፍል ክሬዲት ካርድ ከፍላ በአሥራ ሁለት እኩል ክፍያ ብትመልሰው በየወሩ 101 ዶላር ገደማ፣ በድምሩም 1,216 ዶላር ታወጣለች። 122 ዶላር ወለድ ነው። ለሦስት ሰው 366 ዶላር። ስለዚህ የተለጠፈው ዋጋ አንድ ቢሆንም የተከፈለው ዋጋ አንድ አይደለም። ልብ በሉ፤ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለ እንግዳ ይህ ልዩነት እምብዛም አይሰማውም። የሚሰማት ተበድራ የምትከፍለው ናት።

ታዲያ ሻጩ ለምን እንዲህ ያደርጋል? የኔ መልስ ከእቁብ ይነሣል። እናንተም እንደምታውቁት በእቁብ ውስጥ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። ገንዘቡን ወስዶ መጣሉን ቢያቆምስ? መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ይህ ሥጋት የለበትም፤ እስከዚያ ድረስ ሲጥል ቆይቷልና። አሁን ፓሱን ተመልከቱ። በወርኃዊ ክፍያ ፓስ የሚይዝ ሰው ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት እቁብተኛ ነው። የቅርቡ ነዋሪ ፓሱን ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ቀን ይጠቀምበታል፤ ክፍያውን ቢያቋርጥ ፓሱ ይዘጋበታል፤ ያልተጠቀመባቸው ወራት ራሳቸው ዋሱ ናቸው። ከሩቅ የመጣው እንግዳ ግን በአንድ ጉዞ ዐሥር ቀን ገብቶ፣ ከፓሱ የሚፈልገውን ሁሉ አግኝቶ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ፓሱን እዘጋለሁ ብሎ ማስፈራራት ምንም ዋጋ የለውም። ሻጩ የሚጠራው ዋስ የለም፤ ስለዚህ ሙሉውን አስቀድሞ ይቀበላል።

ይህ ማብራሪያ አሠራሩን ትርጉም ይሰጠዋል፤ ፍትሐዊ ግን አያደርገውም። እህቴ ከፋይ ናት። አንድም ቀን ዕዳ ያላጠፈችበት ጊዜ የለም። ሻጩ ግን እርሷን አላየም፤ ያየው የፖስታ አድራሻዋን ነው። ሰውን በቡድኑ መመዘን ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሐቀኛው የሐሰተኛውን ወጪ ይከፍላል።

ሕጉስ ምን ይላል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ስለ ሞንታና የአደን ፈቃድ በወሰነው ጉዳይ፣ አንድ ስቴት ከሌላ ስቴት ለሚመጡ አዳኞች ከነዋሪዎቹ እጅግ የበለጠ ክፍያ መጠየቁን ደግፏል፤ አደን መዝናኛ እንጂ የኑሮ መሠረት አይደለም በሚል አስተሳሰብ። ያ ጉዳይ የመንግሥትን ክፍያ የሚመለከት ነበር፤ የግል ፓርክ ደግሞ ከዚያም የሰፋ ነፃነት አለው። የስቴት ዩኒቨርሲቲዎችም ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ተማሪ የሚጠይቁት ክፍያ ከነዋሪው የበለጠ መሆኑን ለውጭ ትምህርት ያመለከታችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

እኛም ብንሆን ከዚህ ነፃ አይደለንም። በሀገራችን ብዙ የቱሪስት መስህቦች ላይ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የተለያየ የመግቢያ ዋጋ ተለጥፏል። እህቴ የአሜሪካ ዜግነት ካገኘች በኋላ ለዕረፍት መጥታ በአንድ ሙዚየም ደጃፍ ፓስፖርቷን ስታሳይ የውጭ ዜጋ ዋጋ ተጠየቀች። ከፈለች። ስንወጣ «እዚያ እንግዳ፣ እዚህም እንግዳ» አለችኝ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የዋጋ ሰሌዳ የምታዘጋጁ የቱሪዝም ተማሪዎች ካላችሁ ይህችን ቃል ይዛችሁ ውጡ።

ወደ ጀመርሁት ልመለስ። የአጎታችን ልጅ አድራሻውን ሊያውሳት ፈቅዶ ነበር። «አድራሻ ማዋስ ውሸት አይባልም፤ የአንድ ቤት ልጆች አይደለን?» አላት። እርሷም ምን እንደማስብ ጠየቀችኝ። ደግ ሐሳብ እንደሆነ፣ ነገር ግን በፊርማ የሚረጋገጥ ውሸት እንደሚሆን ነገርኋት። እርሷ ደግሞ የዜግነት ማመልከቻዋ ገና በሂደት ላይ ስለነበር የሐሰት ቃል ከስሟ ጋር እንዲያያዝ አልፈለገችም። ትክክል ነበርን፤ ዛሬም አልጸጸትም።

የተሳሳትሁት ስሌቱ ላይ ነው። ፓሱ ዐሥር ቀን ከገቡበት ዋጋውን ይመልሳል ብዬ አሰላሁ። በዓመት አራት አራት ቀን የሚፈጁ ሦስት ጉዞዎች ብታደርጉ ዐሥራ ሁለት ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ ያዋጣል፤ ግዢ አልኋት። በክሬዲት ካርድ ገዛችው። በገና ዕረፍት ሄዱ። በጸደይ ሊሄዱ ሲሉ ተረኛነቷ ተቀየረ። በበጋ ባልደረባዋ ስለታመመች ፈቃድ አላገኘችም። ዓመቱ አለቀ። ሦስት ሰዎች በአራት ቀን የዓመት ፓስ ተጠቀሙ፤ የካርዱ ዕዳ ከፓሱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

ስሕተቴ በሙያችን ውስጥ በደንብ የታወቀ ነው። ዴላቪኛና ማልመንዲየር በ2006 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የስፖርት ማዘውተሪያ ቤቶች በወር ከ70 ዶላር በላይ እየከፈሉ አባል የሆኑ ሰዎች በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ እንደሚሄዱ አሳይተዋል። ለእያንዳንዱ ጉብኝት ከ17 ዶላር በላይ ከፈሉ ማለት ነው፤ የዐሥር ጊዜ ካርድ ቢገዙ ግን ለአንዱ 10 ዶላር በቂ ነበር። ሰው ራሱን ሲተነብይ ትጉህና ባለ ጊዜ አድርጎ ይተነብያል። እኔ ይህን ጥናት ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። የእህቴን ሦስት ጉዞ ሳሰላ ግን ያካፈልሁት በቀናት ሳይሆን በምኞት ነበር።

ስለዚህ ለእናንተ፣ በተለይም ነገ ለቤተሰባችሁ «አስላልኝ» ተብላችሁ ለምትጠየቁ፣ ሦስት ነገር ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን መቼና በምን ገንዘብ እንደሚከፈል ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ሩቅ ለሚኖር ሰው አስቀድሞ የተከፈለ ፓስ የማይመለስ ወጪ ነው፤ የሚካፈለው በእርግጠኛው ጉዞ እንጂ በታሰበው ጉዞ አይደለም። እርግጠኛው ጉዞ አንድ ብቻ ከሆነ የቀን ትኬት ይበቃል። ሦስተኛ፣ ሰዎችን በአድራሻቸው የሚለይ ሕግ ስታወጡ ከመስመሩ ውጭ የምትቀረዋን አንዲት ሰው በስም አስቧት።

ባለፈው ዓመት ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ልጆቹ እነዚያን አራት ቀናት እስከ ዛሬ ያወራሉ፤ በሱ አልቆጭም» አለች። ቀጥላም «በሚቀጥለው ጊዜ ግን፣ ጋሼ፣ ከማስላትህ በፊት ስለ ተራዬ ጠይቀኝ» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት ገደማ ካስተማርሁት ትምህርት ውስጥ እርሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያረመችው ይህን ነው።