የመሥሪያ ቤት ኢሜል ወደ እጅ ስልክ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የቀድሞ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሌሎችን ንግግር አዳምጥ የነበርሁ ሰው ዛሬ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። የበዓሉ ኮሚቴ «ስለ ሥራህ ንገረን» ስላለኝ ሥራዬን እነግራችኋለሁ። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሥራዬም አንዱ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜል በሠራተኞቹ የእጅ ስልክ ላይ እንዲደርስ ሰርቨሩን ማዘጋጀት ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ለእኔም በመጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር።

የሣጥን ቁልፍ ይዞ ወደ ፖስታ ቤት የሚመላለስ ተላላኪ አይታችሁ ይሆናል። አንዱ ተላላኪ በየሩብ ሰዓቱ እየሮጠ ሣጥኑን ከፍቶ ያያል፤ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጫማውንም ጉልበቱንም ይጨርሳል። ሌላው ግን ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ «ደብዳቤ ሲመጣ ጥሩኝ» ይላል። ኢሜል የሚፈልግ ስልክም ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ይመስላል። የስልክ ጉልበቱ ባትሪው ነው።

ሁለተኛውን አሠራር በሰፊው ያስለመደው በካናዳ፣ በዋተርሉ ከተማ የነበረው ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለው ኩባንያ ነው፤ ብላክቤሪ የተባለውን መሣሪያ በ1999 አወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ተነሥቶ በኩባንያው ማእከል በኩል አልፎ ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር። ማእከሉ ሲታመም ግን ሁሉም ይታመማል። በኦክቶበር 2011 አንድ ዋና ማገናኛ ተበላሽቶ በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ የነበሩ ደንበኞች ለቀናት ተቸገሩ፤ ችግሩም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የቀድሞዎቹ ብላክቤሪ ስልኮች አገልግሎት በጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ተዘግቷል።

እኔ የማዘጋጀው የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የተባለውን ሰርቨር ነው፤ ከስልክ ጋር የሚነጋገርበትም ሥርዐት አክቲቭሲንክ ይባላል። ለኤክስቼንጅ 2003 በ2005 ከወጣው ሁለተኛ ማሻሻያ ጀምሮ ስልኩ የሌላ ማእከል ሳያስፈልገው ራሱ በኢንተርኔት ወደ ሰርቨሩ ይሄድና «አዲስ ነገር ካለ ንገረኝ፤ ከሌለ ይህን ያህል ደቂቃ ጠብቅልኝ» ይለዋል። ሰርቨሩ መልስ ሳይሰጥ ጥያቄውን ይዞ ይቈያል። ደብዳቤ ሲገባ ወዲያው ይናገራል፤ ካልገባም ቀጠሮው ሲያልቅ «ምንም የለም» ይላል፤ ስልኩም እንደገና ይጠይቃል። በመካከል ባለው ዝምታ ባትሪው እምብዛም አይነካም።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሰርቨሩና በኢንተርኔት መካከል ፋየርዎል የሚባል ዘበኛ አለ። ዘበኛው ያለ ንግግር የተከፈተ መስመር ሲያይ የተረሳ መስሎት ይቈርጠዋል። ስልኩ እንደገና ይጠራል፤ እንደገና ይቈረጣል። ሠራተኛው «ስልኬ ይሞቃል፤ ባትሪዬም እስከ ምሳ ሰዓት አይቈይም» እያለ ይመጣል፤ እናንተም ስልኩን ትመረምራላችሁ እንጂ ዘበኛውን አትጠረጥሩም። መድኃኒቱ የፋየርዎሉን የትዕግሥት ጊዜ ወደ 30 ደቂቃ ማድረስ ነው። የሚከፈተው በርም አንድ ብቻ፣ ፖርት 443 ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው ስም ስልኩ ከሚጠራው የሰርቨር ስም ጋር መስማማት አለበት፤ የሚያልቅበትንም ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ መጻፍ አይከፋም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። የሰው ሁሉ ስልክ ሠርቶ የእኛ የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኞች ስልክ ብቻ እምቢ ያለበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱ ከፍተኛ ሥልጣን ያላቸውን የተጠቃሚ ስሞች ሰርቨሩ ለብቻ ስለሚጠብቃቸው ነው፤ ከበላይ የሚወርደው ፈቃድ አይደርሳቸውም። ፈቃዱን በእጃችን ብንሰጥም ጠባቂው በየ60 ደቂቃው እየዞረ መልሶ ይነሣናል። ሦስት ጊዜ አስተካክለን ሦስት ጊዜ ከተበላሸብን በኋላ ነው የገባን። ለአስተዳዳሪነት አንድ ስም፣ ለደብዳቤ ሌላ ስም ማውጣት እንጂ ከጠባቂው ጋር መታገል አያስፈልግም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ስልኩ ደብዳቤ ሲቀበል ከሰርቨሩ ትእዛዝም ይቀበላል። የይለፍ ቃል ይኑርህ፤ ይህን ያህል ጊዜ ከተሳሳቱብህ ራስህን አጥፋ ይባላል። ከትእዛዞቹም አንዱ በሩቅ ሆኖ ስልኩን መደምሰስ ነው። የሚደመሰሰው የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ብቻ መስሏችሁ ከሆነ እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በዚያን ጊዜ በነበረን አሠራር የሚጠፋው ስልኩ ላይ ያለው ነገር በሙሉ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዓርብ ማታ አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ደውላ ስልኳ እንደ ጠፋ ነገረችኝ። ስልኩ የራሷ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የገዛላት አይደለም። የደንበኞች ደብዳቤ ስለ ነበረበት ሳልውል ሳላድር የመደምሰሻውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ስልኩ ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ስለ ነበር ትእዛዙ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ከመኪናዋ ወንበር ሥር አገኘችው። ደስ ብሏት ቻርጅ አደረገችውና ከፈተችው። ስልኩም ከሰርቨሩ ጋር እንደ ተገናኘ እጇ ላይ እንዳለ ራሱን አጠፋ። በዚያ ዓመት ያረፉት የእናቷ ፎቶግራፎችና በድምፅ የተቀዳ ምርቃታቸው እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሌላ ቅጂ አልነበራትም።

ስልኩ ከመከፈቱ በፊት ብትደውልልኝ ኖሮ ትእዛዙን መሰረዝ ይቻል ነበር። ነገር ግን ይህን እንድታውቅ የነገራት ሰው የለም፤ መንገር የነበረብኝም እኔ ነኝ። ስልኳን ከሰርቨሩ ጋር ያገናኘሁላት ዕለት አስተዳዳሪው ስልኩን ሊደመስስ እንደሚችል የሚገልጸው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ሲመጣ «እሺ በዪው» ብያት አለፍን።

ዛሬ የተሻለ መንገድ አለ። አክቲቭሲንክ 16.1 የተባለውን ሥሪት የሚያውቅ ስልክ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜል ብቻ ደምስሶ የቀረውን መተው ይቻላል። እኔም ማንኛውንም ስልክ ከማገናኘቴ በፊት በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ አስነብባለሁ፤ የደምስስ ትእዛዝም ከመስጠቴ በፊት ባለቤቱን «ከስልክህ ውስጥ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር አለ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ገጹን አንብበው «የእኔን ስልክ ተውት» ያሉ አሉ፤ ለእነርሱ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ስልክ ሰጥቷቸዋል። ይህ ወጪ ነው፤ ተገቢ ወጪ ነው እላለሁ።

ያቺ የሥራ ጓደኛዬ ዛሬም ከእኛው ጋር ትሠራለች። ደብዳቤዋን የምታየው ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ኮምፒዩተር ብቻ ነው። አዲስ ስልክ ከገዛች ቈይታለች፤ ከሰርቨሩ ጋር እንዳገናኝላት እርሷም አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሣሁባትም።