ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ብዙ፤ በመሐንዲስ ሥራ ስለሚገጥሙን የእንግሊዝኛ ቃላት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ ከሒሳብ ቀመርና ከቤተ ሙከራ የራቀ ይመስል ይሆናል። ጉዳዩ ቃል ነው። ንድፍ የምንሠራው፣ ውል የምንፈርመው፣ ከውጭ አገር ባለሙያ ጋር የምንጻጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ይህንንም ቋንቋ ከትምህርት ቤትና ከመዝገበ ቃላት ስለ ተማርነው የቃሉን ፍቺ እናውቃለን፤ ቃሉ ወደ አንድ ሙያ ሲገባ የሚይዘውን ልዩ ትርጉም ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም። በሥራ ሰነድ ላይ የሰፈረ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከገባበት ሥራና ከተዋዋዮቹ ስምምነት ነው። ይህን ያልተገነዘበ መሐንዲስ፣ ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥራው ሊበላሽበት ይችላል።

ከቀላሉ ምሳሌ ልጀምር። «ኖሚናል» የተባለው ቃል በተራው እንግሊዝኛ ለስም ያህል ያለ ማለት ነው፤ «ኖሚናል» ክፍያ ሲባል ለወጉ ያህል የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ ነው። በጠፈር በረራ ሠራተኞች ዘንድ ግን ሁሉም ነገር «ኖሚናል» ነው ከተባለ፣ ሥራው በታቀደው መሠረት እየሄደ ነው የሚል የምሥራች ነው። በቧንቧ ሥራ ደግሞ መጠሪያ መጠን ማለት ይሆናል። በአሜሪካ ደረጃ ግማሽ ኢንች የሚባለው የብረት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊሜትር ነው፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ ስም እንጂ ልክ አለመሆኑን ያላወቀ ሰው፣ ቧንቧውን ለክቶ ሻጩን አታላይ ሊለው ይችላል።

«ኦቨርሳይት» የሚለው ቃል ከዚህ የባሰ ነው። በአንድ ፊቱ የበላይ ቁጥጥር ማለት ነው፤ በሌላ ፊቱ ሳያዩ ማለፍ፣ መዘንጋት ማለት ነው። ጉድለቱ የደረሰው ሰውየው በሚቆጣጠረው ሥራ ላይ ነው ወይስ ሰውየው ስለ ዘነጋ ነው? በእንግሊዝኛው ዘገባ አንዲት መስተዋድድ ብትለወጥ ትርጉሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፤ የአንድ ሰው የሥራ ዕድልም በዚያች መስተዋድድ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

እንዲሁም «ስትረንግዝ»፣ «ስቲፍነስ»፣ «ሃርድነስ»ና «ተፍነስ» የተባሉትን ቃላት ተራ አንባቢ ሁሉንም ጥንካሬ ብሎ ሊተረጉማቸው ይችላል። ለእኛ ግን አራት ልዩ ልዩ ጠባዮች ናቸው። የመጀመሪያው ጭነት የመሸከም፣ ሁለተኛው ቅርፅን ጠብቆ የመቆየት፣ ሦስተኛው ጭረትን የመቋቋም፣ አራተኛው ሳይሰበሩ ኃይልን የመቀበል ችሎታ ነው። መስተዋት በቀላሉ አይጫርም፤ ቢወድቅ ግን ይሰባበራል።

እስካሁን ያነሣኋቸው ስሕተቶች ጉዳታቸው በአብዛኛው በገንዘብ የሚተመን ነው። በአየር በረራ ታሪክ ግን የቃል አሻሚነት ለብዙ ሰው ሞት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ግዛት በቴኔሪፍ ደሴት፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ከግጭቱ በፊት የሆላንዱ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ «ቴክኦፍ» ላይ ነን የሚል መልእክት በሬዲዮ አስተላልፎ ነበር። አውሮፕላኑ በዚያች ሰዓት መንደርደር ጀምሯል፤ ተቆጣጣሪው ግን ለመነሣት ተዘጋጅቶ ቆሟል ብሎ ተረዳና መልሱን «ኦኬይ» በሚል ቃል ጀመረ። ቀጥሎ እንዲጠብቁ የነገራቸው ቃል፣ ሌላው አውሮፕላን በዚያው ቅጽበት በመናገሩ በጩኸት ተዋጠ። የአደጋው ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ እንዳይነገር፣ በሌላው ጊዜ «ዲፓርቸር» እንዲባል ተደነገገ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ደግሞ ከኮሎምቢያ ወደ ኒው ዮርክ የበረረ የአቪያንካ ቦይንግ 707፣ የማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆይቶ ነዳጁ አለቀ። አብራሪዎቹ «ፕራዮሪቲ»፣ ማለትም ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል፤ ነዳጃቸው እያለቀ መሆኑንም ተናግረዋል። ተቆጣጣሪውን ሌላውን ሥራ ሁሉ አስጥሎ የሚያስነሣው ቃል ግን «ኢመርጀንሲ» ነው፤ እርሱ አልተነገረም። አውሮፕላኑ ወድቆ፣ ከተሳፈሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። ለተራ ሰው ቅድሚያ ስጡኝ ማለትና አደጋ ላይ ነኝ ማለት የተቀራረቡ ናቸው፤ በዚያ ሙያ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሞትና የሕይወት ነበር።

ይህ ሁሉ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ በተማሩት ላይ ብቻ የሚደርስ አይምሰለን። በቋንቋ ጥናት ስሙ የተጠራው አሜሪካዊ ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ በትምህርቱ የኬሚካል መሐንዲስ፣ በእንጀራው የእሳት መድን ድርጅት ባለሙያ ነበር። እርሱ እንዳስተዋለው፣ ሠራተኞች ቤንዚን በተሞሉ በርሜሎች አጠገብ ይጠነቀቃሉ፤ «ኤምፕቲ»፣ ማለትም ባዶ በተባሉት አጠገብ ግን ሲጋራ ያጨሳሉ። ባዶ የተባለው በርሜል የቤንዚን ተን ስለሚይዝ ይበልጥ አደገኛ ነው። ቃሉ ለመጋዘን ሒሳብ እውነት ነበር፤ ለእሳት ጥንቃቄ ግን ሐሰት ሆነ። ሰዎቹም ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ጠረጴዛ እንመለስ። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሰነዶች «ሻል» ግዴታን፣ «ሹድ» ምክርን፣ «ሜይ» ፈቃድን ያመለክታሉ። «ሹድ»ን ይገባል ብለን ስንተረጉመው በአማርኛችን የግዴታ ያህል ይከብዳል። እንደዚህ ያለ ትርጉም የያዘ ተቆጣጣሪ፣ ተቋራጩን ያልተዋዋለውን ሲያስገድድ ይውላል።

በውጭ ብድር በሚሠሩ ግንባታዎች ላይ የምናገኘው የፊዲክ ውልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ቀይ መጽሐፍ መሠረት፣ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚጠይቅ ተቋራጭ ምክንያቱን ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ «ኖቲስ» ካልሰጠ መብቱን ያጣል። በሥራው ቦታ በቃል መንገር «ኖቲስ» አይባልም፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚያው ውል በትልቅ ፊደል የሚጻፈው «ኢንጂነር» ዲግሪ ያለው መሐንዲስ ሁሉ አይደለም፤ ለውሉ ሥራ አሠሪው የሰየመው ነው። ተቋራጩ ትእዛዝ የሚቀበለው ከእርሱ ወይም እርሱ ሥልጣን ከሰጠው ረዳት ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ ውሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህ ልዩነት ሳይታይ ይጠፋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የውሉን የቃላት ፍቺ ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት እናንብብ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ነገር አንድ ቃል ብቻ እንጠቀም። በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ እንደ መሆናችን ኅብረ ቃል ደስ ያሰኘናል፤ የውል ሰነድ ግን ሰሙም ወርቁም አንድ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ አብራሪዎች የተቀበሉትን ፈቃድ መልሰው እንደሚያነቡ፣ እኛም የተረዳነውን በራሳችን አነጋገር ጽፈን እናረጋግጥ። አራተኛ፣ ማኅበራችን በየዘርፉ የሚያሻሙትን ቃላት ሰብስቦ የአማርኛ አቻቸውን ከነወሰናቸው ቢያወጣ ለወጣት መሐንዲሶች ታላቅ እርዳታ ይሆናል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ኀፍረትን ማሸነፍ ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው በስብሰባ መካከል «ይህ ቃል እዚህ ላይ ምን ማለት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ፣ እንግሊዝኛ አያውቅም እንዳይባል ይፈራል። ይህ ጥያቄ የአላዋቂነት ምልክት አይደለም። ምሰሶው ከመቆሙ በፊት አፈሩን እንደምንመረምር ሁሉ፣ ፊርማው ከመስፈሩ በፊት ቃሉን መመርመር የሙያችን ግዴታ ነው። አባቶቻችን «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ብለዋል። ከእጃችን በሚወጣ ሰነድ ላይ የሚያልፉትን ሰዎች ሕይወትና የአገር ገንዘብ እያሰብን፣ ቃሉንም እንደ ብረቱና እንደ ሲሚንቶው እንፈትነው።