ለጊዜው ተብሎ የተደፈነ ቧንቧ

(በራዲዮ የተነገረ)



በመሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ አዘውትረን ከምንናገራቸው ቃላት አንዱ «ለጊዜው» የሚለው ነው። ለጊዜው እንዲህ ይሁን እንላለን፤ ጊዜው ያልፋል፤ ያደረግነው ነገር ግን እንደ ተደረገ ይቀራል። ዛሬ ስለዚህ ቃል የምነግራችሁ የመዝገብ ቤት ነገር አንሥቼ ሳይሆን፣ የአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ኮፈን ከፍቼ ነው።

ባለፈው ክረምት ዕረፍቴን ላሳልፍ ወደ የቡ ሄጄ ነበር። የቡ በጅማና በአጋሮ መካከል የምትገኝ፣ በቡና የታወቀች የማና ወረዳ ከተማ ናት። እዚያ የሚኖሩት አጎቴ በመንግሥት ሥራ አገልግለው በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ በጨረታ የገዙት አንድ ላንድሮቨር አላቸው። ውጪው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ መስተዋቱ ተወልውሎ ሲታይ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ኮፈኑን ከፍቶ ያየ ሰው ግን ብዙ አልነበረም።

አንድ ሌሊት አንዲት ጎረቤታችን ምጥ ያዛትና አጎቴ ወደ ጅማ ሊያደርሷት ተነሡ፤ እኔም አብሬ ተሳፈርሁ። ዝናቡ ይወርዳል፤ በመኪናው ውስጥ አምስት ሰዎች ስለ ነበርን የፊት መስተዋቱ በትንፋሻችን ታፈነ። አጎቴ በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው በሌላው በጨርቅ ይጠርጋሉ። «ማሞቂያ የለውም ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ማሞቂያው እኮ እኔ ሳልገዛው ጀምሮ ለጊዜው ተደፍኗል» አሉኝ። ጥቂት ሄደን አንድ ዳገት እንደ ጀመርን ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣና ሞተሩ ጠፋ። በባትሪ መብራት ስናይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ወደ ማሞቂያው ይሄድ የነበረው የጎማ ቧንቧ ታጥፎ በሽቦ ታስሮ ኖሯል፤ ጎማው በእጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ የሞተሩን ውሃ በሙሉ አፍስሶታል። ሴትዮዋን ከብዙ ቆይታ በኋላ በዚያ ያለፈ የቡና ጭነት መኪና አሳፍሮልን በሰላም ተገላገለች። እኔ ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ የቆምንበትን ጊዜ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እንግዲህ ማሞቂያው ከሞተሩ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው እንመልከት። ጋራዦቻችን የሚናገሩት ቋንቋ አብዛኛው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ኮፈን፣ ቴስታታ፣ ፖምፓ፣ ካቻቢቴ የሚሉትን ቃላት ሁላችሁም ስለምታውቋቸው እኔም በነርሱ እጠቀማለሁ።

በአሮጌ የቤንዚን ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ኀይል መኪናውን ለመግፋት የሚውለው ከሢሶው አይበልጥም። የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ ከጭሱ ጋር፣ ከፊሉም በውሃው አማካይነት ይወጣል። ውሃው በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይሰበስባል። ፖምፓው ይገፋዋል፤ ቴርሞስታት የሚባለው በር ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ መንገዱን ዘግቶ ይቆይና ሲሞቅ ይከፍትለታል፤ ከዚያም በራዲያተሩ አልፎ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ማሞቂያው ከዚህ ዋና መንገድ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ነው። ከቴስታታው በኩል አንድ ቧንቧ የሞቀ ውሃ ይዞ ይወጣል፤ በሰው እጅ በሚከፈትና በሚዘጋ ቫልቭ አልፎ ወደ አንዲት ትንሽ ራዲያተር ይገባል፤ በሌላ ቧንቧም ወደ ፖምፓው ይመለሳል። በትንሿ ራዲያተር ላይ ነፋስ ሲነፍስባት ሙቀቱ ወደ ሰዎቹና ወደ መስተዋቱ ይሄዳል። ስለዚህ የማሞቂያው ውሃና የሞተሩ ውሃ አንድ ውሃ ነው፤ በቅርንጫፉ ላይ የደረሰ ስንጥቅም ግንዱን ያደርቀዋል።

እውነቱን ለመናገር ማሞቂያውን ዘግቶ መንዳት ብቻውን ሞተሩን አይገድለውም። ሁለቱ አፎች በደንብ በተሠራ መክደኛ ቢዘጉ መኪናው ይሄዳል። ጥፋቱ ያለው ጎማ አጥፎ በሽቦ ማሰሩ ላይ ነው። ሙቀትና ግፊት ያለበት ጎማ ሲታጠፍ በእጥፋቱ ላይ ይደክማል፤ ሽቦውም እንደ ቢላ ይበላዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውሃው ካለቀ በኋላ የሙቀት መለኪያው የሚዋሽ መሆኑ ነው። የመለኪያው ጫፍ በውሃ ውስጥ እንዲቆም የተሠራ ስለ ሆነ፣ ውሃው ሲሸሸው ብረቱ እየነደደ ሳለ ቀስቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ነጂው ደኅና ነው ብሎ ሲነዳ ቴስታታው ይጣመማል፤ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። የዘይት መለኪያውን ብረት መዝዛችሁ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ካያችሁት ነገሩ ደርሷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይጨመርበታል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ልክ በ1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ከ1700 ሜትር በላይ በሆነው በጅማ አካባቢ በ94፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፋብሪካው ለራዲያተሩ ባለ ስፕሪንግ ክዳን የሠራለት፣ ግፊቱን ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ብሎ ነው። ክዳኑ ላልቶ ወይም ጎማው ደርቆ ከሆነ በደጋ አገር ዳገት መውጣት ለሞተሩ ፈተና ነው። ክዳኑን በሙቀቱ የሚከፍትም ሰው ፊቱን ያቃጥላል፤ እስኪበርድ መጠበቅ ግዴታ ነው።

በማግሥቱ ከጅማ አንድ ወጣት መካኒክ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ ዝም ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ ቧንቧውን ብቻ ብቀይርልዎ ሌላው ይቀየመኛል፤ ሁሉንም እናውርደው» አላቸው። አጎቴም ተስማሙ። እኔ መብራት ያዥና ጸሐፊ ሆንሁ። ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ የባትሪው ገመድ ተፈታ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ከተሠሩት መኪናዎች ብዙዎቹ ከአካላቸው ጋር የሚያያዘው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ጫፍ ስለ ነበር፣ ሳያረጋግጡ በልማድ መልሶ ማሰር ዕቃ ያቃጥላል። ከዚያ እያንዳንዱ ሽቦና ቧንቧ ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትም ተንጠለጠለበት። እናንተ የመዝገብ ሰዎች የዚህ ጥቅም ይገባችኋል፤ ቁጥር የሌለው ፋይል እንደማይገኝ ሁሉ ቁጥር የሌለው ሽቦም ቦታውን አያገኝም።

ሁለተኛ፣ የቀረው ውሃ ከራዲያተሩና ከሞተሩ ጎን ባለው መክፈቻ ተንጠፈጠፈ። የወጣው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ዝገት ነበር። የማሞቂያዋ ራዲያተር ወርዳ፣ ውሃ በመውጫዋ በኩል ገብቶ በመግቢያዋ እንዲወጣ ተደረገ፤ ቆሻሻ በመጣበት መንገድ ሲመለስ በቀላሉ ይለቃልና። ግፊቱ ግን ለስላሳ መሆን አለበት፤ ቀጭኖቹ የነሐስና የመዳብ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ። ቀጥሎ አንዱን አፏን ደፍነን፣ በሌላው ቀስ ብለን አየር እየነፋን በሳፋ ውሃ ውስጥ አጠለቅናት። በሁለት ቦታ አረፋ ወጣ፤ ራዲያተር ጠጋኙም በእርሳስ በየደልን።

ሦስተኛ፣ የሞተሩ ክፍል ጸዳ። ካርቡራቶሩና የኤሌክትሪኩ ዕቃ በላስቲክ ተሸፍነው፣ የዘይቱ ቅባት በነጭ ጋዝና በብሩሽ ተፋቀ፤ በአጠገቡ ሲጋራ የሚያጤስ ሰው እንዳይቀርብ ተከለከለ። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስተርዳም ትርኢት የታየው በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ስለዚህ ብዙ ሰው አይዝግም ይላል። ይሁን እንጂ በሞተሩና በተሳፋሪዎቹ መካከል ያለው ግድግዳና ሻንሲው ብረት ናቸው። የማሞቂያው ቧንቧዎች የሚተላለፉት በዚሁ ግድግዳ በኩል ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ ከእግር መርገጫው አጠገብ ተጠራቅሞ ብረቱን እንደ ወንፊት በስቶት አገኘነው። የበሰበሰው ተቈርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደበት፤ የተረፈው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ የዝገት መከላከያ፣ ከዚያም ቀለም ተቀባ። በግድግዳው ቀዳዳዎች ላይ የጎማ ቀለበት ገባባቸው፤ ያለዚያ የብረቱ ጠርዝ አዲሱን ቧንቧ ቀስ በቀስ ይቈርጠዋል።

አራተኛ፣ ቧንቧዎቹ ተለወጡ። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የፈላ ውሃ፣ ግፊትና ዘይት የሚችል፣ በውስጡ ድር ያለው ጎማ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ለሚሄድ ሰው ምክሬ፣ አሮጌውን ቧንቧ ይዞ ሄዶ ስፋቱን አስተያይቶ እንዲገዛ ነው። ማሰሪያው ፋሼታ ይሁን እንጂ ሽቦ አይሁን። ቧንቧው ከጭስ መውጫው ይራቅ፤ ቬንትሌተሩም እንዳይነካው ይታሰር፤ ሞተሩ ሲናወጥ እንዳይወጠር ጥቂት ርዝመት ይተውለት።

አምስተኛ፣ ውሃው ተሞላ። የማሞቂያው ቫልቭ ተከፍቶ፣ የመኪናው ፊት ወደ ዳገት ተደርጎ፣ ቀስ ተብሎ ይሞላል፤ ያለዚያ አየር በመካከል ተይዞ ይቀራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መካኒኩ ሁለቱን የማሞቂያ ቧንቧዎች በእጁ ዳሰሰ። ሁለቱም ከሞቁ ውሃው ይዞራል፤ አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ግን ወይ አየር አለ፣ ወይ መንገዱ ተዘግቷል። በማግሥቱ ሲበርድ የጐደለው ተጨመረ። አጎቴ፣ «እኛ አገር በረዶ የለ፤ ኩላንት ለምን?» ብለው ነበር። ኩላንት ከመርጋት ብቻ ሳይሆን ከዝገትም ይጠብቃል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ግላይኮል የሚጣፍጥ መርዝ ስለ ሆነ ከሕፃናትና ከቤት እንስሳት ማራቅ ይገባል።

ከእናንተ መካከል አሮጌ ቮልስዋገን ያላችሁ፣ «የእኛ መኪና በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነውና ይህ አይመለከተንም» ትሉ ይሆናል። በእርግጥ የውሃ ቧንቧ የለውም፤ ነገር ግን ማሞቂያው አየሩን የሚያሞቀው በጭስ መውጫው ዙሪያ እያሳለፈ ነው። በዚያ ላይ ስንጥቅ ካለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ማሞቂያው ሲከፈት ራስ የሚያምማችሁ ከሆነ መስኮቱን ክፈቱ፤ መኪናውን አቁማችሁ አስመርምሩ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን ሊያገለግሉን ነው። እንግዲህ ቀለማቸውን ከማደሳችን በፊት ኮፈናቸውን እንክፈት።

«ለጊዜው» የሚለውን ቃል ጨርሰን እንተወው አልልም። በጨለማ፣ በመንገድ ላይ፣ ሰው ምጥ ይዞት ሳለ የተሰነጠቀን ቧንቧ በጨርቅ አስሮ መድረስ ብልኀት ነው። ነገር ግን ለጊዜው ያልነው ሁሉ ቀን ሊጻፍለት ይገባል፤ ይኸውም መቼ እንደ ተደረገና መቼ እንደሚፈታ ነው። ያንን ጎማ አጥፎ በሽቦ ያሰረው ሰው ክፉ አልነበረም። ነገ እሠራዋለሁ ብሎ ይሆናል፤ መኪናው ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነገ የተባለው ቀን የማንም ሳይሆን ቀረ። ዕዳውን ልትከፍል የደረሰችው ሽቦውን አይታው የማታውቅ ምጥ የያዛት ሴት ናት።

አጎቴ ዛሬ በኮፈኑ ውስጠኛ ፊት ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈዋል። ቧንቧው የተለወጠበት ቀን፣ ኩላንቱ የሚለወጥበት ቀን ተጽፎበታል። ከዕረፍቴ ልመለስ ወደ ጅማ ሲያደርሱኝም ዝናብ ነበር፤ መስተዋቱ ግን ጠርቶ፣ ከፊታችን ያለው መንገድ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታይ ነበር።