እህሉን የሚያደርሰው የፊት አክስል
በድርቅና በማቋቋም ሥራ ለተሰማሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር



ስለ ድርቅ በሚደረግ ስብሰባ ዘወትር የሚነገረው ስለ ዝናብ እጥረት፣ ስለ እህል መጠንና ስለ ተረጂዎች ቁጥር ነው። እህሉን ስለሚሸከመው የጭነት መኪና፣ ይልቁንም ስለ ፊት አክስሉና ስለ ባሌስትራው የሚነሣው መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ረኀብን የሚያስታግሠው በመጋዘን የተከማቸው ሳይሆን ከተረጂው ደጅ የደረሰው እህል ነው።

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ፣ በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መኪና ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን አልፎ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል። በየጥምዝዙ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት አክስሉ ያዘነብላል። ከዚያም አስፋልቱን ለቆ ወደ ደዌ ሐረዋ፣ ወደ አርጡማ ፉርሲና ወደ ጅሌ ጥሙጋ ቆላዎች ሲዘልቅ ድንጋይና የጎርፍ ቦይ ይጠብቀዋል።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ በተለይም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት፣ የማጓጓዣ እጥረት ከእህል እጥረት ያላነሰ ፈተና ነበር። በአሰብ የተራገፈው እህል በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ወሎ ሲወጣ፣ ሰፋሪዎችን ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ለማጓጓዝም ተሽከርካሪ ይፈለግ ነበር። ያን ጊዜ የቆመ አንድ መኪና ጉዳቱ በሁለት ወገን ነበር።

ታዲያ የተጎዳውን የፊት ክፍል መኪናው በሚያድርበት ግቢ መለወጥ ይቻላልን? አብዛኛውን ይቻላል። የተሰበረ ባሌስትራ፣ ያለቀ ጎሚኒ፣ ዘይት ያፈሰሰ አሞርዛተር በግቢ ይለወጣሉ። ሆኖም ጥንቃቄው ከጋራዡ ሊያንስ አይገባም። አስቀድሞ ጭነቱ ይራገፋል፤ መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ የኋላ ጎማዎቹ ይታገዳሉ። በጨፋ ሜዳ ዝናብ ያራሰው አፈር ክሪክን ስለሚውጥ ወፍራም ጣውላ ይነጠፋል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ሻንሲው በብረት መደገፊያ ላይ ሳያርፍ ማንም ከሥር አይግባ። አክስሉም ባሌስትራው ሲፈታ እንዳይወድቅ ለብቻው ይያዛል።

ባሌስትራ በግራና በቀኝ በጥንድ ይለወጥ፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው የደከመ ከሆነ መኪናው ያጋድላል። የተሰነጠቀውን መበየድ ደግሞ ብረቱ የተቀበለውን ጥንካሬ በሙቀት ማጥፋት ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚያስሩት ብሎኖች ከነዳዶአቸው አዲስ ይሁኑ፤ በመስቀለኛ ተራ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ፤ መኪናው ጭኖ ጥቂት ከተጓዘ በኋላም ዳግመኛ ይጥበቁ። ይህ የመጨረሻው ተግባር በችኮላ የሚዘነጋ ነው። ብሎኑ ሲላላ የባሌስትራው የመሐል ብሎን ይቆረጣል፤ አክስሉም ከቦታው ይሸሻል። ይህ በደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ቢደርስ የሚጠፋው እህል ብቻ አይደለም።

የፊት ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ፔርኖ ግን በግቢ መመርመር እንጂ መለወጥ የለበትም። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ፣ ረዳቱ ፍሬን እንደ ያዘ፣ ከላይና ከታች ሲነቀነቅ ከተወዛወዘ ፔርኖው ወይም ቦኮላው አልቋል። አዲሱ ቦኮላ በማሽን ተጭኖ በልኩ መስተካከል ስላለበት፣ በመዶሻ አስገብቶ መኪናውን ማሰማራት አደጋን ማሰማራት ነው። ይህ ሥራ መሣሪያው ለተሟላለት ጋራዥ ይተው፤ የፊት ጎማዎቹም አቅጣጫ በዚያው ይለካ።

እንግዲህ ከኃላፊዎች የሚጠበቀው ግልጽ ነው። የመለዋወጫ ጥያቄ መኪናው ከተሰበረ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ሊሆን አይገባውም። አንድ ጥንድ ባሌስትራ ከነብሎኑ፣ ጎሚኒ፣ አሞርዛተር፣ ግራሶና ሁለት ጠንካራ መደገፊያ በከሚሴ መጋዘን ውስጥ ከእህሉ ጎን ይቀመጡ። ሹፌሩም «መሪው ይንቀጠቀጣል» ሲል ጭነት እንደ ሸሸ ሰው አይቆጠር፤ እህሉን በመንገድ ከመቅረት ያዳነ ሠራተኛ ነውና።